ከጉለሌ በታች ያለ የታሪክ ሸንጎ

ከአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋውን አገር ጉለሌ ብለን እንጠራዋለን። ስሙን በየቀኑ የሚጠራው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ስሙ ከወዴት እንደ መጣ ግን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ጉለሌ ማለት ከተማው ከመቈርቈሩ አስቀድሞ በዚህ መሬት ላይ ከብቱን ያሰማራና ያረሰ የኦሮሞ ጐሣ ስም ነው። እንግዲህ በዚህ በኩል የሚመላለስ መንገደኛ ሁሉ፥ ሳያስተውለው፥ የአንድ ረጅም ታሪክ መነሻ የሆነውን ቃል በአፉ ይዞ ይመላለሳል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ ከእናንተ ጋራ ከዚህ ከጉለሌ ተነሥተን ቍልቍል ወደ ስድስት ኪሎ እንወርዳለን። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ በመጨረሻው ያለው ቤት ግን ብዙ የሚያሳስብ ቤት ነው። በዚያ ቅጥር ውስጥ የሀገራችን ወጣቶች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ስለ ሀገራቸው የመንግሥት ታሪክ ለብዙ ዓመት የመረመሩትን ነገር ለዶክተርነት ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ያቀርባሉ። ይህም ነገር የሚመለከተው ተማሪውንና መምህሩን ብቻ አይደለም፤ አባቱ ወይም አያቱ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረውን ቤተ ሰብ ሁሉ የሚመለከት ነው። ስለዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልንጽፈው ወደድን።

መንገዳችንን ከመጀመራችን በፊት ወደ ተራራው ቀና ብለን እንመልከት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የደፉት በዚሁ ተራራ ላይ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እቴጌ ጣይቱ ብጡል በፍል ውሃ አጠገብ ያለውን መስክ ወደው ቤት እንዲሠራበት ስላደረጉ፥ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚለው ስም ወጣ፤ ሰፈሩም ከብርዱ ተራራ ወደ ሜዳው ጥቂት በጥቂት ወረደ። የተራራው ብርድ መጽናቱና የማገዶው እንጨት እያለቀ መሄዱ ለመውረዱ ምክንያት እንደ ሆኑ ይነገራል። ዛሬ ተራራውን አልብሶት የምናየው ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል። ነገር ግን በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ እንኳ ስንት ጥያቄ እንዳለበት እንመልከት። ሰፈሩ ወደ ሜዳው ሲወርድ በሜዳው ላይ የነበረው የጉለሌ ሰው ወዴት ሄደ? መሬቱ ለመኳንንቱና ለወታደሩ ሲከፋፈል በምን ሥርዐት ተከፋፈለ? ማን ተጠቀመ፥ ማንስ ተጐዳ? አንዱ ቤተ ሰብ «አያትህ ይህን መሬት በደሙ አገኘው» ብሎ ለልጁ ይነግራል፤ ሌላው ቤተ ሰብ ደግሞ «አያትህ ከዚህ መሬት ተነቀለ» ብሎ ለልጁ ይነግራል። ሁለቱም ልጆች አድገው በአንድ ክፍል ውስጥ ጐን ለጐን ተቀምጠው ይማራሉ። የመንግሥት ታሪክ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለቱ ልጆች ማስረጃቸውን ይዘው በሥርዐት የሚሟገቱበት ሸንጎ ከሌለ፥ ያለ ሥርዐት የሚሟገቱበት ሌላ ስፍራ መፈለጋቸው አይቀርምና።

ከእንጦጦ የሚወርደው ጐዳና በሽሮ ሜዳ ያልፋል። በዚያ በግራና በቀኝ ባሉት ሱቆች ነጠላው፥ ኩታው፥ ጋቢውና ጥለት ያለበት ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በዚህ አካባቢ ሲኖሩና ጥበባቸውን ለልጆቻቸው ሲያወርሱ ኖረዋል። በቀድሞ ዘመን የነገሥታትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሸማኔውን በጽሑፉ አይቈጥረውም ነበር፤ የሚጽፈው ስለ ዙፋኑና ስለ ጦር ሜዳው ነበርና። የዛሬ መርማሪ ግን መንግሥት ማለት ዙፋን ብቻ እንዳይደለ ያውቃል። ሸማኔው ግብሩን ለማን ይከፍል እንደ ነበር፥ ተበድሎ ሲጮኽ ዳኛው ማን እንደ ነበር፥ ከአገሩ ወደ ከተማ ያመጣው ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ባለ ሱቁም ባለ ርስቱም በአንድ መዝገብ ውስጥ የሚገናኙት በዚህ ዐይነት ምርመራ ነው።

ከዚህ ጥቂት ወርደን ስድስት ኪሎ ስንደርስ በአደባባዩ መካከል የየካቲት 12 ሐውልት ቆሞ እናያለን። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ምስል በፋሽስት ዘመን የተገደሉትንና ያዘኑትን ሰዎች ያሳያል። ከአደባባዩ አጠገብ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው በር አለ። የምንገባበትም ቅጥር ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው።

ይህን ቤት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ በፊት አሠሩት። በወረራው ዘመን ማርሻል ግራዚያኒ የጣልያን ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ ተቀመጠበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኔፕልስ ልዑል ስለ መወለዱ ደስታ በዚሁ ግቢ ለድኾች ምጽዋት ሲሰጥ፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉ፤ ግራዚያኒም ቈሰለ። በዚህም ምክንያት በከተማው ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን የወረደው እልቂት በአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች ዘንድ እስከ ዛሬ አልተረሳም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ቤት ተቀመጡ።

ከዚያም ሌላ ክፉ ቀን መጣ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጕብኝት ላይ ሳሉ፥ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ነገሩ ሳይሳካ በቀረ ጊዜ በዚሁ ቤት አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ታግተው ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ በጥይት ተገደሉ። ከሞቱትም መካከል ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፥ ራስ አበበ አረጋይና አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ይገኙባቸዋል። ገርማሜ በሽሽት ላይ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱም በመጋቢት ወር በስቅላት ተቀጡ። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይኸው ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የተቋሙ ቤተ መዘክር ዛሬ በዚያው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል።

ቤቱ የትምህርት ቤት ከሆነም በኋላ ታሪክ አልራቀውም። የመሬት ላራሹ ጩኸት የተሰማው ከዚህ ቅጥር ተማሪዎች ነው። የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱም ወታደሮች ወደ ግቢው ገብተው ሌሎች ተማሪዎች ሞቱ። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ስለ መንግሥት ታሪክ ለመናገር የሚቆም ወጣት የሚናገረው ሩቅ ስለ ሆነ ነገር አይደለም። እግሩ የቆመበት መሬት ራሱ ምስክር ነው።

በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እንግዳ ሰው ሁሉ የሚጠይቅበት አንድ ነገር አለ። እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ፥ ነገር ግን ወደ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ ነው። ፋሽስቶች በወረራው ዘመን ሠሩት፤ እያንዳንዱም ደረጃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1922 ጀምሮ የፋሽስት መንግሥት የቈየበትን አንድ አንድ ዓመት ይቈጥራል። ጠላት ከወጣ በኋላ ደረጃውን አፍርሶ ድንጋዩን ለሌላ ሥራ ማዋል ይቻል ነበረ። እንዲህ ግን አልተደረገም፤ ደረጃው እንዳለ ተትቶ በራሱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። የሚያየው ሰው ጠላት ምን እንዳሰበና ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ በአንድ ጊዜ ይረዳል። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ግን አንበሳው ምን እንዳሸነፈ የሚያስረዳ ነገር ባልቀረ ነበር። የታሪክ ምርመራም ሥራ እንደዚሁ ነው፤ ያስቈጣንን ነገር ስናፈርስ የሚያኰራንንም ነገር ምስክር እናሳጣዋለንና።

አሁን ደግሞ ምርመራው በሰው ፊት የሚቀርብበትን ሥርዐት ለማያውቁት አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንግለጥ። ተማሪው አስቀድሞ ምን ለመመርመር እንዳሰበ፥ ማስረጃውንም ከወዴት እንደሚያገኝ በመምህራኑ ፊት ያስረዳል። ከተፈቀደለት በኋላ ለብዙ ዓመት ይደክማል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት፥ ሕዝቡ ወመዘክር ብሎ የሚጠራው፥ አንዱ መዋያው ነው። የገንዘብም ሆነ የትውውቅ ዕድል ካገኘ በሮማ፥ በለንደንና በፓሪስ ያሉትን መዛግብት ያገላብጣል። በየገጠሩ እየዞረ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ይጠይቃል። የተገኘውን ሁሉ እያመዛዘነ፥ አማካሪ መምህሩም እያረመው፥ ብዙ መቶ ገጽ ያለው ጽሑፍ ይጽፋል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሙግቱ ቀን ይቈረጣል። በአዳራሹ ሰብሳቢ፥ አማካሪው መምህር፥ ከዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተመረጠ ፈታኝና ከውጭ የተጠራ ፈታኝ ይቀመጣሉ። በስተኋላም ባልንጀሮቹ፥ ዘመዶቹና ነገሩን ለመስማት የመጣ ሰው ይቀመጣሉ። ተማሪው የዓመታት ድካሙን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተናግሮ ይጨርሳል። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይጀመራል። ይህን ከወዴት አገኘኸው? ደብዳቤውን የጻፈው ማን ነው፥ በምን ቀን፥ ምንስ ጥቅም ፈልጎ ጻፈው? ሽማግሌው የነገረህን ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? የአንተን ነገር የሚያፈርሰውን ማስረጃ ለምን በጽሑፍህ አላገባኸውም? በመጨረሻ ተማሪው ከአዳራሹ ይወጣል፤ ፈታኞቹ ለብቻቸው ይመክራሉ። ተመልሶ ሲገባም ጽሑፉ እንዳለ ተቀባይነት ማግኘቱን፥ ታርሞ እንዲመለስ መታዘዙን፥ ወይም አለመብቃቱን ቆሞ ይሰማል።

ይህ ሥርዐት ከውጭ አገር የመጣ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ መልኩ ከውጭ ቢመጣም መንፈሱ ለእኛ እንግዳ እንዳይደለ እናስታውሰዋለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ በየኔታና በባልንጀሮቹ ፊት ይቀኛል፤ ቤቱ ቢጐድል ወይም ምሥጢሩ ቢሰበር ከመነቀፍ አይድንም፤ ነቀፌታውንም ችሎ ሲያርም ይበስላል። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዐታችንም ተሟጋቾች በላ ልበልሃ እየተባባሉ በዛፍ ጥላ ሥር በሕዝብ ፊት ሲከራከሩ፥ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይፈርድ ነበር። የዶክተርነት ሙግትም ከቅኔ ቤቱ ትሕትናን፥ ከችሎቱ ድፍረትን የሚጠይቅ ነገር ነው።

ከአንድ ልማዳችን ጋራ ግን ይጋጫል። የቀድሞ ነገሥታት ዜና መዋዕላቸውን የሚያስጽፉት በቤተ መንግሥታቸው በነበረ ጸሓፊ ነበር፤ ጸሓፊውም የሚጽፈው ስለ ጌታው ነበረ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለታሪክ እጅግ የሚጠቅም ሀብት ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ ነገር በጠፋብን ነበር። ነገር ግን ጸሓፊው የጌታውን ጕድለት ለመጻፍ ነጻነት እንዳልነበረው የታወቀ ነው። የዛሬው ወጣት የተሰጠው ሥራ ይህን የጐደለውን መሙላት ነው፤ ክብደቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ መንገድ አስቀድመው የሄዱትን ሊቃውንት ማንሣት ተገቢ ነው። በሀገር ውስጥ ለዚህ ማዕረግ የሚያበቃ ትምህርት ባልነበረበት ዘመን ኢትዮጵያውያን ምርመራቸውን ያቀረቡት በባዕድ አገር ነበር። ታደሰ ታምራት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት፥ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ዘመን መርምረው አቀረቡ። መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 በዚያው በለንደን ስለ ደቡብ ኢትዮጵያና ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት አቀረቡ። ባሕሩ ዘውዴ በ1976 እንዲሁ በለንደን በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ስለ ነበረው የምዕራብ ድንበር ግንኙነት አቀረቡ። ከመኳንንቱ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ፥ የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት፥ በኦክስፎርድ ተምረው ስለ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጻፉት በ1975 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ታደሰና ባሕሩ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በየጊዜያቸው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ከተከፈተና የዶክተርነቱም ትምህርት ከተከተለ ወዲህ ግን፥ ወጣቶቻችን በገዛ አገራቸው መርምረው በገዛ አገራቸው ይሟገታሉ።

ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ ከደስታው ጋራ ግን አንድ ከባድ ነገር መጣ። በለንደን አዳራሽ የሚቀመጠው ፈታኝ ሊቅ ቢሆንም የሚነሡትን ሰዎች ዘሮች አያውቃቸውም፤ ማታ በለቅሶ ቤት ወይም በሰርግ ቤት አያገኛቸውም። በስድስት ኪሎ ግን ተማሪው ስለ አንድ ደጃዝማች አገዛዝ ሲናገር፥ የደጃዝማቹ የልጅ ልጅ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ ሊሰማው ይችላል። ደጃዝማቹ ያስገበሩት ሰው የልጅ ልጅም በአምስተኛው ረድፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ተሰደብሁ ይላል፤ ሁለተኛው ተድበሰበሰብኝ ይላል። ተማሪው በሁለቱ መካከል ቆሞ ማስረጃው ያሳየውን ብቻ ለመናገር ልብ ያስፈልገዋል።

በአገራችን ስለ ሙታን ሲነገር «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለት የታወቀ ጨዋነት ነው። መልስ ለመስጠት የማይችለውን ሰው ማዋረድ ነውር ስለ ሆነ፥ ይህ አነጋገር ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ነገር ግን ወቃሽና ምስክር ልዩ ልዩ ናቸው። ወቃሽ ከራሱ ቂም ተነሥቶ ይናገራል፤ ምስክር ያየውንና ያገኘውን ይናገራል። ምስክር ዝም ቢል ሙቱ የሚከበር ይመስለናል እንጂ አይከበርም፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር ለወሬ ይጋለጣልና። በማስረጃ የተመረመረ ሰው ጕድለቱ ቢገለጥ እንኳ መልካም ሥራው በዚያው ማስረጃ ይጸናለታል።

ለዚህ የየካቲት 12ን ነገር ምሳሌ አድርገን እንመልከት። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ እልቂት የሞቱት ሰዎች 30 ሺህ ናቸው ብሎ ለዓለም አስታወቀ። የጣልያን ሹማምት የጻፉት ቍጥር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ኢያን ካምቤል የሚባሉ ጸሓፊ ብዙ ዓመት መርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ባወጡት መጽሐፍ ቍጥሩን ወደ 19 ሺህ ገመቱት። ቍጥሩ ከ30 ሺህ ወደ 19 ሺህ ዝቅ ሲል፥ ሙታኑ የተቃለሉ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ያልተመረመረውን ቍጥር ጠላት «ለጩኸት የተባለ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ሊጥለው ይችላል፤ በየሰፈሩና በየማስረጃው ተፈትሾ የተገኘውን ቍጥር ግን እንዲሁ ሊጥለው አይችልም። ምርመራው ሙታኑን አላቃለላቸውም፤ ሞታቸው እንዳይካድ አጸናላቸው እንጂ።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፤ የገደለውም የተገደለውም ወገን የአንድ አገር ሰው ነውና። ገርማሜ ንዋይ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ማዕረግ ጽሑፍ ያቀረቡ ሰው ነበሩ፤ ርእሱም በኬንያ ነጮችን በመሬት ላይ ያሰፈረው መርሕ ነበር። ስለ መሬትና ስለ መንግሥት በጽሑፍ የመረመሩት ሰው ኋላ በጦር መሣሪያ ታሪክ ለመለወጥ ተነሡ፤ ታላላቅ ሰዎችም ያለ ፍርድ የሞቱበት ነገር ሆነ። በዚያ ሳሎን አባቱን ያጣ ቤተ ሰብ ኀዘኑ እውነተኛ ነው። በማዶ ያለውም ቤተ ሰብ ወንድሞቹን ያጣው በዚያው ወራት ነው። ይህን ነገር በዚያው ቅጥር ውስጥ ቆሞ የሚያስረዳ ወጣት የአንዱን ኀዘን ለሌላው ኀዘን መሸፈኛ ሳያደርግ፥ ሁለቱንም በየስማቸው መጥራት ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሥራ በመጽሐፍ ብዛት ብቻ አይሠራም፤ ቤተ ሰቦች ልባቸውንም ሣጥናቸውንም ሲከፍቱለት ነው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ቤተ ሰብ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን።

መጀመሪያው ስለ ወረቀት ነው። በብዙ ቤት ውስጥ ከአያት የቀረ ሣጥን አለ። በውስጡም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፥ የመሬት ውል፥ የሹመት ወረቀት፥ የዘመቻ ማስታወሻና ፎቶግራፍ ይገኛል። ምስጡ፥ አይጡና የጣራው ፍሳሽ ግን የማንን ቤት ክብር አያውቁም። እንዲህ ያለውን ወረቀት በደረቅ ስፍራ ማኖር፥ በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን በእርሳስ መጻፍ፥ ዋናውን ለመስጠት የማይቻል ቢሆን ቅጂው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም በወመዘክር እንዲቀመጥ መፍቀድ ይገባል። ለቤተ ሰቡ የማይመች የሚመስለውንም ወረቀት መቅደድ ነውር ነው። የተቀደደው ወረቀት ምናልባት አያታችሁን ነጻ የሚያወጣቸው እርሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ስለ እናቶችና ስለ አያቶች ነው። የቀድሞ መጻሕፍት ስለ ሴቶች የሚናገሩት ጥቂት ነው። ነገር ግን የትኛው ቤት ከየትኛው ቤት ጋራ በጋብቻ እንደ ታረቀ፥ በጠላት ዘመን አርበኛው በማን ጓዳ እንደ ተሸሸገ፥ መልእክቱን በሌማት ሥር ደብቃ ያደረሰችው ማን እንደ ሆነች የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አንድ ተማሪ ወደ ቤታችሁ መጥቶ እሜቴን ላናግር ቢል፥ «እርሳቸው አርጅተዋል፥ ምን ያውቃሉ» ብላችሁ አትመልሱት። ቡናው ይፈላለት፤ እሳቸውም በልባቸው ያለውን በዝግታ ይንገሩት፤ ልጆቻቸውም አብረው ተቀምጠው ይስሙ።

ሦስተኛው ስለ መስማት ነው። ከዘመዳችሁ ወገን የሆነ ሰው ታሪክ በአዳራሽ የሚቀርብበት ቀን ሲሆን ሄዳችሁ ተቀመጡ። ያልወደዳችሁትን ነገር ብትሰሙ መልሱ ወረቀት ይሁን እንጂ ቍጣ አይሁን። ተማሪው እንዲተወው አማላጅ መላክ፥ በሹመት ወይም በዘመድ መምህሩን ማስጨነቅ ክብርን አይመልስም፤ የሚደበቅ ነገር አለ ብሎ የማያስበውን ሰው ሁሉ እንዲያስብ ያደርገዋል እንጂ። ተማሪው ተሳስቶ እንደ ሆነ በሣጥናችሁ ያለው ደብዳቤ ያርመዋል፤ ለመታረምም ያ ቀን የተዘጋጀ ነው።

ለተማሪዎቹም አንድ ቃል አለን። ከዚህ በፊት የተጻፈው ሁሉ ለሹም የተደረገ ውዳሴ ነበረ ብሎ፥ ዛሬ ደግሞ ውዳሴውን ወደ ስድብ ቢለውጡት ጸሓፊው ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። አያታችሁ የተበደሉ እንደ ሆነ የበደለውን ሰው ማስረጃ ከራሳችሁ ማስረጃ ይልቅ አጥብቃችሁ መርምሩ። አያታችሁ የገዙ እንደ ሆነም የተገዛውን ሰው ቃል ከመዝገቡ ይልቅ ፈልጉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የማታውቁትን አላውቅም ለማለት አትፈሩ፤ ፈታኙ ሊቅ በዚህ ቃል አይንቃችሁምና።

በእንጦጦ ሥር ያለችው ይህች ሰሜናዊት ሰፈር ስሟን ከጥንት ባለ አገሮች፥ ተራራዋን ከዘውድ በዓል፥ ገበያዋን ከሸማኔዎች፥ ታችኛውን ደጇን ከሰማዕታት ሐውልትና ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ጋራ አያይዛ ትኖራለች። ይህን ሁሉ የሚያስማማ ታሪክ በአንድ ቀን አይጻፍም፤ በአንድ ሰውም አይጨረስም። በየዓመቱ አንድ ወጣት ቆሞ አንዲት የተመረመረች ነገር ሲጨምር፥ ሌላው ተነሥቶ ሲያርማት፥ ጥቂት በጥቂት የሁላችን የሆነ መዝገብ ይከማቻል።

እንግዲህ ክቡራን አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ስለ አያቱ ዘመን ልመርምር ብሎ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፥ «ያለፈውን አታንሣ» ብላችሁ አትመልሱት። ቍልፉን ፈልጉና ሣጥኑን ክፈቱለት።